አንድ ጭብጥ ከፍ አድርገህ እጨድ

አንጁሎ መሞቱን የሰማሁት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ ነው። ትከሻው ላይ ጋቢ ደራርቦ እያዞረ የሚሸጥ አንድ ሰው አጠገቤ ቆመ። ከአነጋገሩ የጨንቻ ሰው መሆኑን ለየሁና፣ የዚያን አገር ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀውን ጠየቅሁት።

«አንጁሎ የሚባል ታውቅ ይሆን? ድሮ እዚህ ድንጋይ ካባ ይሠራ የነበረ። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም።»

ሰውዬው ጋቢዎቹን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንጁሎማ አረፈ እኮ አባባ። ሁለት ዓመት አለፈው። አልሰሙም?»

«አልሰማሁም። እዚያ ሳር ነበረው?»

«ምን ሳር?»

«የራሱ። የተከለው።»

«ኧረ ምን መሬት አለውና። የሰው ሳር ያጭድ ነበር፣ በቀን ሥራ። ጎበዝ አጫጅ ነበር። ዝምተኛ ሰው።»

ታክሲው መጣ፤ ሰው ተጋፍቶ ሞላውና ሄደ። እኔ አልተሳፈርኩም። ጋቢ ሻጩ «ዘመድዎ ነበር?» አለኝ። «አብረን ድንጋይ ፈልጠናል» ብዬው ተለያየን።

አንጁሎ ግን ዝምተኛ አልነበረም። እኔ የማውቀው አንጁሎ ካባው ውስጥ ሲጣራ ሀና ማርያም ደጃፍ ድረስ የሚሰማ ሰው ነበር። ዝም ያሰኘውን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ያውም ከሥራ መልስ፣ ዓይኔ በድንጋይ ብናኝ እየቆጠቆጠኝ። ይህን የምጽፈውም ለማሳመር አይደለም። አንድ ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ። የፈረምኩበትን ነገር በገዛ እጄ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ከሀና ማርያም ወደ ለቡ ሲወርዱ፣ ዛሬ የግንብ አጥርና ፎቅ ያለበት፣ ያን ጊዜ ካባ ነበር። እኔ መሮና መዶሻ ይዤ ነበር የምሠራው። አንጁሎ ደግሞ የድማሚት ሰው ነው፤ ጉድጓዱን ይሞላል፣ ክሩን ይለኩሳል። ከመለኮሱ በፊት ሦስት ጊዜ «ባሩድ» ብሎ ይጣራል፤ ሁለቱን አርዝሞ፣ ሦስተኛውን አሳጥሮ። ሦስተኛውን ስንሰማ ሁላችንም ከድንጋይ ጀርባ ነን። በዚያ ሁሉ ዘመን በእሱ ድማሚት የተጎዳ ሰው ራሱ አንጁሎ ብቻ ነው። የዘገየ ክር ሊያይ ሄዶ ሁለት ጣቱን ወሰደው። ሐኪም ቤት ልጠይቀው ስሄድ የታሰረ እጁን አንስቶ አሳየኝና «ሦስቱ ቀርተዋል፤ ማጭድ ባልይዝባቸው ሳር እይዝባቸዋለሁ» አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። አባቱ ቤት አጫጅ ሆኖ ማደጉን ያወቅሁት ኋላ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ካባው ተዘጋ። ደህናው ድንጋይ አልቋል ተባለ፤ መኪናዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ፤ እኛ ተበተንን። እኔ አንዲት ላም ገዛሁ። አንጁሎ እትዬ ብርቄ ዘንድ በተከራያት አንዲት ክፍል ቀረ፤ ማለዳ ማለዳም እንደ ሥራ ሰዓት ወደ ካባው ይወርዳል። ጉድጓዱ ባዶውን ነው የቀረው። ግርጌው የተላጠ ድንጋይ፣ ጥግ ላይ አረንጓዴ የለበሰ ውሃ። የእትዬ ብርቄ ጊደር ገብታበት የሞተችው በዚያ ዓመት ነው።

አንድ ቀን ላሜን ይዤ ሳልፍ ጠራኝ። «ደምሴ፣ ይሄን ጉድጓድ ማነው የቆፈረው?»

«እኛ ነና።»

«ከላዩ የገፈፍነው ጥቁር አፈርስ የት ገባ?»

ያንን ማን ያስታውሳል። ካባ ሲከፈት ከላይ ያለው አፈር ተገፍፎ ዳር ይከመራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው የለም። አንጁሎ በአገጩ አመለከተኝ። ክምሩ ዳር ላይ፣ አረም በቅሎበት፣ እንደ አሮጌ መቃብር ቁጭ ብሏል።

«ወንድሞቼ ሸማኔ ናቸው» አለኝ። «ሰው ያለብሳሉ። እኔ ሃያ ዓመት መሬት ስገፍፍ ኖርኩ። አሁን መልሼ ላለብሳት ነው።»

«በምን?»

«በሳር።»

ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ ግን በሳምንቱ አገሩ ሄደ። ሲመለስ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በእርጥብ ጆንያ የታሰረ ነገር ተሸክሞ ነው። ደሾ ይሉታል እነሱ። ሥሩ እየተገነጠለ የሚተከል፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሲቆረጥ እልህ የሚይዘው ሳር ነው። አውቶቡስ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ከእግሩ ሥር አላስነሳም ብሎ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቆ ነው ያመጣው። «ረዳቱ ‹ይሄ ጣሪያ ላይ ይጫን› አለኝ። ‹ልጅህን ጣሪያ ላይ ትጭናለህ?› አልኩት» እያለ ያወራ ነበር።

አፈሩን በባሬላ መለስነው። ባሬላ የማያውቅ ካለ፣ ፊትና ኋላ እጀታ ያለው የግንበኛ ሣጥን ነው፤ አንድ ሰው አይሸከመውም፣ ሁለት ይፈልጋል። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ጠዋት ጠዋት ላሜን አልቤ እወርድለታለሁ። ሰው ከዳር ቆሞ ያየናል። «ድንጋዩን አወጡ፣ አሁን አፈሩን ያስገባሉ፤ እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈትተው አብደዋል» ይባልብን ነበር። የመጀመሪያው ክረምት አፈሩን ግማሽ በግማሽ አጥቦ ያ ውሃ ውስጥ ከተተው። አንጁሎ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲያየው ቆየና «ድንጋዩም እኛም እያለን?» አለ። ከዚያ እርከን ሠራን፤ የፈለጥነውንና የተረፈውን ድንጋይ እየደረደርን፣ አፈሩን ከኋላው እያስቀመጥን። ያ የምናውቅበት ሥራ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ሳሩ ወገብ ደረሰ።

አካባቢያችን ላም ያለው ሁሉ በፉርሽካና በፋጉሎ ፍለጋ ያለቀበት ጊዜ ነበር። አንጁሎ ሳሩን ለማንም ሰጠ፤ ግን ሕግ ነበረው። ሳር የወሰደ ባዶ እጁን አይመለስም፤ አዛባ በቅርጫት ያመጣል። «ከላሟ የወጣ ለላሟ» ይላል። አዛባውን ራሱ በእጁ ያሰጣዋል፣ ይፈረፍረዋል፣ አፈሩ ላይ ይነሰንሰዋል። እትዬ ብርቄ «የቤት ኪራይህን ባትከፍለኝ እንኳን ያንን እጅህን ታጥበህ ና» ትለዋለች። «ለርስዎ ላም ወተት የሚሠራው ይሄ እጅ ነው፤ ወተቱን ሲጠጡ አይጸየፉትም» ይላታል።

ሌላው ሕጉ አጨዳው ነው። ማጭዱን ለማንም አይሰጥም። ሳር አንገቱን ቢቆርጡት ይበቅላል፣ እግሩን ቢቆርጡት ይሞታል ባይ ነው። አንድ ጭብጥ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይታጨዳል። የእሱ ግራ እጅ ግን ጭብጥ አይሞላም፤ ሦስት ጣት ነው። ስለዚህ አዲስ መደብ ሲጀምር እኔን ይጠራኛል። «ደምሴ፣ ጭብጥህን አምጣ።» መሬት ላይ ጭብጤን አቆማለሁ፤ እሱ ከአውራ ጣቴ በላይ ማጭዱን ያሳልፋል። ዓመታት እንዲህ አጨድን። አንድም ቀን ቆዳዬን አልጫረኝም።

ከማጨዱ በፊት ደግሞ፣ እርከኑ አናት ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ «ባሩድ» ይላል፤ እንደ ድሮው፣ ሁለቱን አርዝሞ፣ ሦስተኛውን አሳጥሮ። ሳሩ ውስጥ ጎጆ የሠሩ ወፎች ብር ብለው ይወጣሉ። ጎጆ ያለበትን ቁጥቋጦ ሳያጭድ ያልፈዋል። ሰው ይስቅበት ነበር። እኔም ስቄበታለሁ።

በዚያን ጊዜ ነው የጨረቃ ቤት የበዛው። ማታ ያልነበረ ቤት ጠዋት ቆርቆሮ ለብሶ ይታያል። ታደለ የሚባል አናጢ ጎረቤታችን በካባው ጠርዝ ላይ አንዲት ክፍል አቆመ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአንጁሎ ተቆርቋሪ ነበር።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ስማኝ» ይለዋል። «አራት አጠና ትከልና ቆርቆሮ ጣልበት። ቆርቆሮውን እኔ እሰጥሃለሁ። ይሄ ሁሉ ድካም ያለ ቤት ምንድነው?»

«ቤት የምትበላ ላም አይቼ አላውቅም።»

«ላሟ አትበላም፤ አንተ ግን ቦታ ትይዝበታለህ።»

«የአራት አጠና ጥላ የሚያርፍበት ሳር ይሞታል» ይለዋል። ታደለ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሄዳል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ። ቦታው ለቤት መሥሪያ ሊደለደል ነው ተባለ። አብሮ አንድ ወሬ መጣ፤ መሬት የወረረ ሁሉ ይታሰራል የሚል። ወሬውን ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ብቻ ሁላችንም ፈራን። አንጁሎ ደግሞ ከሁላችን ይበልጥ ሰፊ መሬት ላይ ነው ያለው። እትዬ ብርቄ አለቀሰች። «አገሩ ሩቅ፣ ስንቅ የሚያመላልስለት የለው» አለች።

እኛ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰብንና መከርን። እኛ ዘንድ ሰው ሲከሰስ ሽማግሌ የሚያድነው በአንድ መንገድ ነው፤ «አልነካም፣ አልወሰደም፣ የኔ ነው አላለም» ብሎ በመመስከር። አባቶቻችንም እንዲሁ ነው ያደረጉት። ይህንኑ እንበል ተባባልን። ከሁሉ የምቀርበው እኔ ስለሆንኩ እኔ እንድናገር ተመረጥኩ።

ቀበሌ አዳራሽ ስንገባ አንጁሎን ውጭ ጠብቅ አሉት። የድልድሉን ኮሚቴ የሚመራው ልጅ እግር ሰው ነው፤ ትሑት። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ። ሰውየው እዚያ ቦታ ላይ ቤት ሠርቷል?»

«አልሠራም።»

«አጥርስ?»

«አንድ ችካል አልተከለም።»

«ቦታው የኔ ነው ብሎ ያውቃል?»

«አንድም ቀን። የላሞች ነው የሚለው።» ሰው ሳቀ። ሲስቁ ደስ አለኝ፤ ነገሩ የቀለለ መሰለኝ።

«እንግዲያው የይዞታ ጥያቄ የለውም ማለት ነው?»

«ምን ይዞታ አለው ልጄ፤ ሳር እኮ ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። ሌሎቹ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔ ግን «መፈረም እችላለሁ» አልኩ። ብዕር ሰጡኝ። ስሜን ከነአባቴ፣ አንድ ፊደል ሳልስት፣ ሳልቸኩል ጻፍኩ።

ስወጣ አንጁሎ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ካሰሩኝ ብሎ ጋቢውን አጣጥፎ፣ ቆሎ በጨርቅ ቋጥሮ ነው የመጣው። «ቆሎህን ብላ፤ ነፃ አውጥተንሃል» አልኩት።

ቋጠሮውን ፈታ፤ ለኔም ዘገነልኝ። «ምን አላችኋቸው?»

ቃል በቃል ነገርኩት፤ ሳቁንም ሳይቀር። ቆሎውን ወደ አፉ ይዞ የነበረው እጁ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሳር ነው አልካቸው?»

«ሳር ነው አልኳቸው።»

«አፈሩንስ ነገርካቸው?»

«የቱን አፈር?» አልኩት።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የባሬላውን የኋላ እጀታ ስንት ዓመት የያዝኩት እኔ። አንጁሎ አየኝ። ከዚያ ቆሎውን መልሶ ቋጠረና «እሺ» አለ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ታደለ ስሙ አለበት፤ ቤት ስላለው ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። የጨረቃ ቤት የሠሩት ሁሉ ስማቸው አለ። የታሰረ ሰው የለም። በካባው አንጻር የተጻፈው «ባዶ ቦታ» ነው። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ማንበብ ባልችል ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ቅጹ ይኸው። ቤት ይላል፣ አጥር ይላል፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የፍራፍሬ ዛፍ ይላል። ሳር የሚል የለውም። ያን ዕለት ‹ደክሞበታል፣ ገደል የነበረውን አልምቶታል› ቢሉኝ ኖሮ ከሥር እጽፍለት ነበር። እርስዎ ግን የይዞታ ጥያቄ የለውም አሉ። ፊርማው የርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው።»

«ጽሑፍዎ ያምራል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው።

ለአንጁሎ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር። ያን ዕለት አልሄድኩም፤ በማግስቱም አልሄድኩም። ታደለ ነው አግኝቶት ያነጋገረው። «‹ብዬህ ነበር› አልኩት» አለኝ። የራሱ ቦታ መገኘቱ ያሳፈረው ይመስል መሬት መሬት እያየ ነበር የሚያወራው።

ዶዘሩ መጥቶ ካባው ዳር የቆመ ዕለት አንጁሎ ላም ላለው ሁሉ ገመድ ይዛችሁ ኑ ብሎ ላከ። ስንደርስ ከማለዳ ጀምሮ ሲያጭድ ነበር። እርከን አናት ላይ ቆሞ «ባሩድ» ሲል አልተሰማም። ወፎቹ ጎጆአቸው እየፈረሰ ነበር የሚወጡት። የታጨደውን ለእትዬ ብርቄ ሰጠ፣ ለሌሎቹም እንደ ላማቸው ብዛት ሰጠ። ላም ለሌለው ለታደለ እንኳን አንድ ሸክም ሰጠው፤ «አድርቀህ ፍራሽህን ሙላበት፤ ለአዲሱ ቤት» አለው። አዛባ ግን ከማንም አልተቀበለም። እትዬ ብርቄ እንደ ልማዷ ቅርጫቷን ይዛ መጥታ ነበር፤ «ይመልሱት» አላት።

ሰው ሳሩን እየተሸከመ ሄደ። እኔ ገመዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የቀረው ሳር የገደሉ ሥር ያለው የመጀመሪያው መደብ ብቻ ነው፤ ሁለታችን በመጀመሪያው ባሬላ የጀመርነው።

አንጁሎ ማጭዱን በእጀታው በኩል አዙሮ ዘረጋልኝ። «ያንተን ራስህ እጨድ» አለኝ።

ያንን ማጭድ ከዚያ በፊት በእጄ ይዤው አላውቅም። ተቀበልኩት። በርከክ ብዬ፣ እንደ ልማዴ፣ ግራ ጭብጤን መሬት ላይ አቆምኩ።

«ጭብጥህን አንሳ።»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ለማን ታስተርፋለህ?» አለኝ። ድምፁ አልጠነከረም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

ጭብጤን አነሳሁ። ትንሽ ዝቅ አድርጌ አጨድኩ።

«ዝቅ።»

ዝቅ አደረግሁ።

«ከዚያም ዝቅ።»

ማጭዱ ከሥሩ ገባና ድንጋይ ነካ። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከምነው አፈር ውፍረቱ ስንዝር አይሞላም ነበር። የብረትና የድንጋዩን ድምፅ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ሃያ ዓመት ሰምተነዋል። አንጁሎ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀኝ። የመጨረሻዋን ቁጥቋጦ ከነሥሯ ሳነሳት እጁን ዘረጋ፣ ማጭዱን ተቀበለኝ፣ ስለቱን በሱሪው ጠረገ።

«በቃ» አለኝና ዳገቱን ወጣ።